የታንጎ ጨዋነት ከእርምጃ ይጀምራል

(ታንጎ መማር ከጀመሩ ወራት ላስቆጠሩና ወደ ሚሎንጋ ለመውጣት ለሚዘጋጁ ሰዎች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም አሳጥሬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ።

አብዛኞቻችሁን አውቃችኋለሁ። መሠረታዊውን አካሄድ ይዛችኋል፤ ኦቾ፣ ማለትም እግር ወለሉ ላይ ስምንት ቁጥር የሚሠራበትን ዙር፣ ትሠራላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ዩቲዩብ ላይ ያያችሁትን ሳካዳም (የአጋርን እግር ቦታ ገብቶ መያዝ) ሞክራችኋል። አሁን ወደ ሚሎንጋ፣ ማለትም ሰው ተሰብስቦ ታንጎ ወደሚደንስበት ምሽት፣ መውጣት አምሯችኋል። ግን ፈራ ተባ እያላችሁ ነው።

ከዚህ ንግግር በፊት ጥያቄ እንድትጽፉልኝ ጠይቄ ነበር። የመጡት ጥያቄዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው «ቴክኒኬን እንዴት ላሻሽል?» የሚል ነው። ሌላው «ሚሎንጋ ላይ ምን ይፈቀዳል? ምን ነውር ነው?» የሚል። እኔ ሁለቱን ለየብቻ መመለስ አልችልም፤ ለእኔ አንድ ጥያቄ ናቸው። ሚዛኑን ስቶ አጋሩ ላይ የሚደገፍ ሰው ቴክኒክ ጎድሎታል እንላለን። አጋሩ ግን የሚሰማት የወገብ ሕመም ነው። «ይቅርታ»፣ «እባክሽ»፣ «አመሰግናለሁ» እያለ በክንዱ እንደ ዕቃ የሚገፋት ሰው ጨዋ አይባልም። ስለዚህ ዛሬ ስለ እግርና ስለ ደረት ስናወራ ስለ ጨዋነት እያወራን ነው።

መጀመሪያ ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ ትንሽ ልበል፤ ደንቦቹ የወጡት ከዚያው ስለሆነ።

ታንጎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሪዮ ዴ ላ ፕላታ ወንዝ ዳርና ዳር ባሉ ሁለት ከተሞች አደገ፤ በአርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስና በኡራጓይዋ ሞንቴቪዴዎ። በባርነት ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች ልጆች፣ ከጣሊያንና ከስፔን በመርከብ የገቡ ስደተኞች፣ ከገጠር የፈለሱ ሰዎች በድሃ ሰፈሮች ተፋፍገው ይኖሩ ነበር። ታንጎ የእነዚህ ሁሉ ልጅ ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2009 በሁለቱ አገሮች ስም በጋራ መዝግቦታል።

ወርቃማ ዘመን የሚባለው በግምት ከ1935 እስከ 1955 ያለው ነው። በእነዚያ ዓመታት ቦነስ አይረስ ውስጥ በየሰፈሩ ክለብ፣ በየካፌው፣ በየአዳራሹ ታንጎ ነበር። ወለሉ ጢም ብሎ ይሞላል። እግርን ዘርግቶ መራመድ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ትንሽ ቦታ ላይ፣ ተቃቅፎ፣ ማንንም ሳይገጩ መደነስ ሙያ ሆነ። የዚያን ዘመን ደናሾች ሲናገሩ የተመዘገበ አንድ ነገር አለ፤ በጣም ነው የምወደው። ወጣት ወንዶች ወደ ሚሎንጋ ከመሄዳቸው በፊት ፕራክቲካ በሚባል ልምምድ ላይ እርስ በርስ ይለማመዱ ነበር። አዲስ የመጣው ልጅ መጀመሪያ የሚማረው መምራትን አይደለም፤ መከተልን ነው። ለወራት ይመሩታል። ክፉ እጅ ምን እንደሚመስል በገዛ ጀርባው ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ነው እንዲመራ የሚፈቀድለት።

በ1955 የአርጀንቲናው ፕሬዚዳንት ፔሮን በመፈንቅለ መንግሥት ወረደ። ዘመኑም ተቀየረ፤ ሮክ መጣ፤ ወጣቱ ታንጎን የአባቶቹ ነገር አድርጎ ተወው። ዳግም ያነቃው አንድ የመድረክ ትርኢት ነበር፤ በ1983 ፓሪስ፣ በ1985 ደግሞ ብሮድዌይ ላይ ታየ። ዓለም እንደገና በታንጎ ፍቅር የወደቀው ያኔ ነው። ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ግን ዓለም ያየው የመድረኩን ታንጎ ነበር፤ እግር እስከ ወገብ ሲወረወር፣ ሴቷ ስትወድቅና ስትያዝ። እስከ ዛሬ ብዙ ጀማሪ ታንጎ ሲባል የሚመጣበት ያ ምስል ነው። ቦነስ አይረስ ውስጥ ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ራሱ ሁለቱን ለይቶ ነው የሚያወዳድረው። የመድረኩ «ኤሴናሪዮ» ይባላል፤ የወለሉ ደግሞ «ፒስታ»። በፒስታ ውድድር ሙዚቃው እስኪያልቅ ድረስ ጥንዶቹ እቅፋቸውን መፍታት አይፈቀድላቸውም። የእኛ የሚሎንጋ ታንጎ ይህኛው ነው። የሚደነሰው ለተመልካች ሳይሆን ለታቀፈው ሰው ነው።

እሺ፤ አሁን ወደ እግራችን እንውረድ።

ታንጎ መራመድ ነው። ይህን ስል ብዙ ሰው ፊቱ ላይ ቅር የመሰኘት ነገር አያለሁ። መራመድማ እናውቃለን፤ አዲስ ስቴፕ አሳዩን ነው ነገሩ። ነገር ግን ዓመታት የደነሱ ሰዎች ልምምድ ላይ ምን ሲሠሩ እንደሚያመሹ ተመልከቱ። ይራመዳሉ። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን። አንዲት እርምጃን አዘግይተን እንያት።

ቆማችኋል። ክብደታችሁ በሙሉ ግራ እግራችሁ ላይ ነው። «በሙሉ» ስል በሙሉ ማለቴ ነው። ቀኝ እግራችሁን ብታነሱት ሰውነታችሁ ቅንጣት መነቃነቅ የለበትም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ሰባ በመቶውን ግራ ላይ፣ ሠላሳውን ቀኝ ላይ ያስቀምጣል፤ «ለክፉም ለደጉም» ብሎ። አጋሩ ታዲያ የትኛው እግሩ ነፃ እንደሆነ አታውቅም። ግራ መጋባት የሚጀምረው ከዚህ ነው። የቆማችሁበት እግር ጉልበቱ ትንሽ ላላ ይላል፤ አይታጠፍም፣ አይቆለፍምም። ተረከዛችሁ ወለሉን ይነካል፤ የሰውነታችሁ ክብደት ግን ወደ እግራችሁ ፊተኛ ክፍል አድልቷል። አናታችሁ ወደ ላይ፣ እግራችሁ ወደ ታች።

አሁን መሪ ከሆናችሁ፣ እግራችሁ ከመነሳቱ በፊት ደረታችሁ ይነሳሳል። በጣም ትንሽ ነው፤ ከውጭ የሚያይ ሰው ልብ አይለውም። አጋራችሁ ግን ደረቷ ላይ ታገኘዋለች፤ ነፃ እግሯንም ከዳሌዋ ጀምራ ወደ ኋላ ትዘረጋለች። መልእክቱ ይህ ነው፤ ሌላ መልእክት የለም። ከዚያ የቆማችሁበት እግር ወለሉን ይገፋል። የሚገፋው ወለሉን ነው፤ ሰውየዋን አይደለም። ሰውነታችሁ ተንሸራቶ ቀኝ እግር ላይ ያርፋል። ደረታችሁ፣ ዳሌያችሁና ቁርጭምጭሚታችሁ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራሉ። የቀረው እግር ደግሞ ቁርጭምጭሚቶቻችሁ እስኪተሻሹ ድረስ ይሰበሰባል። አንድ እርምጃ አለቀ። ቀጣዩ ወዴትም ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም አንድ እግር ላይ ቆማችኋል፣ ሌላው ነፃ ነው።

ተከታይ የሆናችሁ፣ ወደ ኋላ ስትራመዱ ፍርሃት አለ። አይታያችሁማ። ፍርሃቱ እግርን ያሳጥራል፤ እግር ሲያጥር መሪው ይረግጣችኋል። መፍትሔው እግርን ከጉልበት ሳይሆን ከዳሌ መዘርጋት ነው። መጀመሪያ የእግር ጣት ይነካል፤ ቀጥሎ የእግሩ ፊተኛ ክፍል፤ ክብደታችሁ ሙሉ በሙሉ ሲመጣ ተረከዙ ይወርዳል። ሌላው ትልቅ ነገር መቸኮል ነው። መሪው ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገምታችሁ ቀድማችሁ አትሂዱ። ብዙ ሰው ይህን የሚያደርገው ለመተባበር ብሎ ነው፤ ልቡ ቅን ነው። ግን መሪው የላከው ነገር ሳይደርስ መልስ መጣ ማለት ነው፤ ወሬው ይቋረጣል። እርምጃችሁ የራሳችሁ ነው፤ ለሚወስደው ጊዜ አትሳሱ። ጥሩ መሪ ይጠብቃችኋል። መጠበቅ ደግሞ የመምራት ግማሽ ነው።

እቤት ውስጥ እንዲህ ተለማመዱ። ካልሲ አድርጋችሁ፣ ኮሪደር ላይ፣ አንድ እጃችሁን ለጥንቃቄ ግድግዳው አጠገብ አድርጋችሁ፣ አንዱን እርምጃ በአራት ምት ተራመዱ። በየመሃሉ ቁሙ። የተነሳውን እግር አየር ላይ አቆዩት። ስትወላገዱ ታያላችሁ፤ ደግ ነው። የሚወላገደው ነገር አጋራችሁ ክንድ ላይ ያርፍ የነበረው ነው። በቀን ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ዋናው ሳይቋረጥ መቀጠሉ ነው።

ስለ እቅፍ ደግሞ።

እቅፍ ታንጎ ውስጥ ጌጥ አይደለም፤ የምንነጋገርበት መስመር ነው። መሪው ቀኝ ክንዱን በአጋሩ ጀርባ ያዞራል። በግራ እጁ ቀኝ እጇን ይይዛል፤ ቁመቱ አጠር ያለው ሰው ዓይን ትይዩ ቢሆን ጥሩ ነው። የእሷ ግራ ክንድ ትከሻው ወይም ጀርባው ላይ ያርፋል። ክንድ ቅርፁን ይጠብቃል፤ ሥራው ይኸው ነው። ክንድ አይጎትትም፣ አይገፋም፣ አያዞርም። በክንድ መምራት የሚያምረው ከሩቅ ላየው ሰው ብቻ ነው። ማታ ቤቷ ገብታ ትከሻዋን በፍል ውኃ የምታሸው እሷ ናት።

ተከታይም ዕዳ አለባት። መሪው ትከሻ ላይ መንጠልጠል፣ ግራ እጁን ጨምቆ ወደ ታች መጫን፣ ፈርቶ መገተር፣ እነዚህ ሁሉ ሌላውን ሰው ይጎዳሉ። ሁለታችሁም በየራሳችሁ እግር ቁሙ። አንዳችሁ ድንገት ብትጠፉ ሌላው መውደቅ የለበትም። ደረት ለደረት ተጠግቶ የሚደነሰው የሚሎንጌሮ እቅፍ መጠነኛ መደጋገፍ አለው። እሱም ቢሆን ሁለቱ እኩል ተስማምተው የሚሰጣጡት ነው፤ አንዱ ሌላው ላይ የሚጭነው ሸክም አይደለም።

ኦቾና ሂሮ (አጋርን መሃል አድርጎ መዞር) ላይ ብዙ አልቆይም፤ ክፍል ውስጥ እየሠራችሁት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሁለቱም የሚሠሩት ደረት ከዳሌ ተለይቶ መዞር ሲችል ነው። ደረት ይዞራል፤ ወገብ እንደ መጠምዘዣ ይጠብቃል፤ ከዚያ ዳሌና እግር ይከተላሉ። እዚህ ላይ እስክስታ የሚችል ሰው ከሌላው ጀማሪ ይቀድማል። የሰውነቱን አንድ ክፍል ከሌላው ነጥሎ ማንቀሳቀስን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እስክስታ ትከሻን ነው የሚያናግረው፤ ታንጎ ውስጥ ትከሻ ጸጥ ይላል፤ የሚዞረው ሙሉው የጎድን አጥንት ነው። ኦቾ ስትሠሩ ትከሻችሁ ብቻ ወደፊትና ወደኋላ የሚል ከሆነ ከመሪያችሁ ደረት ጋር ተለያይታችኋል።

ሙዚቃ ልበል። ሙዚቃውን ሳያውቁ ስቴፕ ማብዛት የተሳሳተ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ቢያንስ የአራት ኦርኬስትራዎችን ድምፅ ለዩ። ሁዋን ዳሪዬንሶ ምቱ ጠንካራና ግልጽ ነው፤ «የምት ንጉሥ» ይሉታል። ወጣቱን በ1930ዎቹ አጋማሽ ወደ ወለሉ ያጎረፈው እሱ ነው። እሱ ሲመጣ አጭር፣ ቆፍጠን ያለ እርምጃ ያምራል። ካርሎስ ዲ ሳርሊ ቫዮሊኖቹ ረዥም ትንፋሽ አላቸው፤ የራሱ ፒያኖ ከሥር ያስተሳስራቸዋል። ለመራመድ ከሱ የተሻለ የለም። ጀማሪ ሁሉ ልምምዱን በዲ ሳርሊ ቢጀምር ደስ ይለኛል። አኒባል ትሮይሎ ራሱ ባንዶኔዮን፣ አኮርዲዮን የሚመስለውን መሣሪያ፣ ይጫወታል፤ ዘፋኙና ኦርኬስትራው እኩል ይናገራሉ፤ የትኛውን እንደምትከተሉ መምረጥ ትማራላችሁ።

ኦስቫልዶ ፑልዬሴ ደግሞ ለብቻው ነው። ምቱ ይለጠጣል፣ ይቆማል፣ ድንገት ይመጣል። በፖለቲካ አቋሙ ምክንያት በተደጋጋሚ የታሰረ ሰው ነው፤ ኮሚኒስት ነበር። እሱ እስር ቤት ሲሆን ኦርኬስትራው ያለ እሱ ይጫወታል፤ ፒያኖው ላይ ቀይ አበባ ይቀመጣል። የእሱን ሙዚቃ ስትደንሱ ቆም ማለትን አትፍሩ። መቆምም ዳንስ ነው። ሁለት ሰዎች ተቃቅፈው፣ አንድ እግር ላይ፣ ሳይናወጡ ባንዶኔዮኑ እስኪመለስ ሲጠብቁ ከማየት የበለጠ የሚያምር ነገር ወለል ላይ አላውቅም።

አሁን ሚሎንጋው ውስጥ እንግባ።

ዘፈኖቹ የሚመጡት በታንዳ ነው። አንድ ታንዳ ሦስት ወይም አራት ዘፈን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ኦርኬስትራ፣ ከተቀራረበ ዘመን። በታንዳዎች መሃል ኮርቲና አለ፤ ታንጎ ያልሆነ አጭር ሙዚቃ። ኮርቲና ላይ ወለሉ ይለቀቃል። በብዛት ሁለት የታንጎ ታንዳ ከሆነ በኋላ አንድ የቫልስ (የታንጎ ዋልትዝ) ይመጣል፤ እንደገና ሁለት ታንጎ፣ ከዚያ እንደ ምሽቱ ሁሉ ሚሎንጋ የሚባለው ፈጣኑ ምት። ከአንድ ሰው ጋር አንድ ታንዳ ጀመራችሁ ማለት እስከ መጨረሻው አብራችሁ ትደንሳላችሁ ማለት ነው። መሃል ላይ «አመሰግናለሁ» ካላችሁ ግን «ይብቃን» ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ዘፈን ባለቀ ቁጥር በትሕትና አመሰግናለሁ አትበሉ፤ እኛ ሰዎች ምስጋና እናበዛለን። ተጠንቀቁ። ምስጋናው ለታንዳው መጨረሻ ይቆይ።

ግብዣው እንዴት ነው? በዓይን ነው። ካቤሴዮ ይባላል። ቦነስ አይረስ ውስጥ የቆየውን ወግ የሚጠብቁ ሚሎንጋዎች ላይ ወንዶችና ሴቶች ፊት ለፊት ተለያይተው ይቀመጣሉ። ሙዚቃው ይጀምራል። የመጀመሪያውን ዘፈን ሰምታችሁ፣ «ይህ ኦርኬስትራ ከእገሌ ጋር ነው» ትላላችሁ። ወደዚያ ሰው ታያላችሁ። እሷም መደነስ ከፈለገች ዓይኗን አትሰብርም። በጭንቅላታችሁ ትንሽ ወደ ወለሉ ታመለክታላችሁ። እሷ ትነቀንቃለች። ያኔ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ወደ እሷ ትሄዳላችሁ። እሷም ፊቷ እስክትደርሱ ድረስ ከወንበሯ አትነሳም። ይህቺ ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ብልሃት አላት። ከኋላዋ የተቀመጠችው ሴትም «እኔን ነው» ብላ ነቅንቃ ሊሆን ይችላል። ቀድማ የተነሳች ሴት መሃል ወለል ላይ ከምታፍር፣ ቁጭ ብላ ብትጠብቅ ይሻላል።

መደነስ የማትፈልግ ሴት ደግሞ ዝም ብላ ወደ ሌላ ትመለከታለች። አለቀ። ማንም አላየም፤ ማንም ፊት አልተነሳም፤ ማንም አንገቱን አልደፋም። ስለዚህ ነው ወንበሯ ድረስ ሄዳችሁ እጃችሁን አትዘርጉ የምለው። እዚያ ቆማችሁ ጓደኞቿ እያዩ፣ እምቢ ለማለት ትቸገራለች። ይሉኝታ ይይዛትና ትነሳለች። ይሉኝታ ያስነሳው ሰው ደግሞ አያቅፍም፤ ይታገሣል እንጂ። ግብዣው ከሴቷም ይጀምራል። የምትፈልጉትን ሰው ማየት መብታችሁ ነው፤ አንገታችሁን ደፍታችሁ መጠበቅ የለባችሁም። እምቢ ለማለትም ምክንያት መስጠት አይጠበቅባችሁም። «እግሬን አሞኛል» ብሎ ዋሽቶ ከሌላ ሰው ጋር ከመነሳት ዝም ማለት ይሻላል።

ወለሉ ላይ ደግሞ ሮንዳ አለ። ጥንዶቹ ሁሉ ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ተሰልፈው ይዞራሉ። ሮንዳው ውስጥ ስትገቡ፣ የሚመጣው መሪ ሊያያችሁና ሊያስገባችሁ ይገባል። እሱንም በዓይን ጠይቁት። መስመራችሁን ያዙ፤ ከፊታችሁ ያለውን አትቅደሙ፤ መሃል ለመሃል አትሹለክለኩ። ክፍል ውስጥ የተማራችሁት ባለ ስምንት እርምጃ መሠረታዊ ቅንብር መሪው ወደ ኋላ በመራመድ ነው የሚጀምረው። ሚሎንጋ ላይ ያንን እርምጃ ተዉት። ወደ ኋላ ስትሉ ከኋላችሁ የሚመጡትን ጥንዶች ነው የምትረግጡት። ከሁለተኛው፣ ከጎን እርምጃው ጀምሩ።

ቦሌዮ (እግርን እንደ አለንጋ መወርወር) እና ጋንቾ (የአጋርን እግር በእግር መቆለፍ) ላይም እንዲሁ ነው። እግር አየር ላይ የሚወጣበት ነገር ሁሉ ሰፊ ወለል ይፈልጋል። የሴት የታንጎ ጫማ ተረከዝ ቀጭንና ረዥም ነው፤ የሰው ቁርጭምጭሚት ይሰነጥቃል። ወለሉ ከሞላ መሪው አይምራው፤ ቢመራም ተከታይዋ እግሯን ከወለሉ ሳታነሳ መመለስ ትችላለች። ይህ አለመታዘዝ አይደለም፤ ከኋላ ያለው ለእሷ ነው የሚታያት ወይም የሚሰማት። ግጭት ከደረሰ ማን አጠፋ ሳይባል ሁለቱም ወገን በእጅ ምልክት ይቅርታ ይላሉ፤ ሰው ከተጎዳ ቆመው ይጠይቃሉ።

አሁን በጣም የሚያናድደኝ ነገር ላይ ደረስኩ። ወለል ላይ ማስተማር። አንድ ሰው ሚሎንጋ ላይ አጋሩን አቁሞ «አይ፣ እንዲህ አይደለም፣ ክብደትሽን እዚህ አድርጊ» ሲል ስሰማ ሆዴ ይቆርጣል። ከዚያ በኋላ ያቺ ሴት ሙዚቃ አትሰማም። የቀረውን ታንዳ ፈተና ላይ እንዳለች ታሳልፈዋለች። ብዙ ጊዜ ደግሞ ያልገባት ነገር ያልገባት እሱ ስላላስተላለፈው ነው። የመራችሁት ነገር ካልመጣ፣ የመጣውን ተቀብላችሁ ቀጥሉ። ደግሞ ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ አቅልላችሁ ሞክሩት። ማስተካከያ ለፕራክቲካ ነው፤ እዚያም ቢሆን ሲጠየቅ ነው የሚያምረው። የሚያም ነገር ካለ ግን ወዲያው ተናገሩ። «እጄን ትንሽ ላላ አድርግልኝ» ማለት ማስተማር አይደለም፤ ራስን መጠበቅ ነው።

ንጽሕና ላይ ፍጥን ብዬ ልለፍ። ሰውነት መታጠብ፣ የአፍ ጠረን፣ የሚቀየር ሸሚዝ፣ የእጅ ፎጣ። ሽቶ ቀለል ይበል፤ ጉንጭ ለጉንጭ ስለሆነ ራስ ምታት ያስይዛል። ማስቲካ እያኘካችሁ አትደንሱ፤ ጭንቅላታችሁ በተነካካ ቁጥር የአገጫችሁ ምት ከሙዚቃው ሌላ ምት ይሆናል።

ታንዳው ውስጥ ዘፈን አልቆ ሌላው ሲጀምር ወዲያው መደነስ አትጀምሩ። ቦነስ አይረስ ውስጥ ሰዎች ቆመው ትንሽ ያወራሉ፤ ዘፈኑ ጥቂት ከሄደ በኋላ ነው የሚተቃቀፉት። ታንዳው ሲያልቅ መሪው አጋሩን እስከ ወንበሯ ይሸኛታል፤ ወለል ላይ ትቷት አይሄድም። ከአንድ ሰው ጋር ታንዳ በታንዳ ላይ መደረብ እዚያ አገር ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል፤ ከዳንስ ያለፈ ፍላጎት ተደርጎ ይወሰዳል። ይህን ሳታውቁ ወሬ ውስጥ አትግቡ። እቅፉ ደግሞ የታንዳው ነው። የቱንም ያህል ጥሩ ዳንስ ቢሆን፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ያበቃል። ስልክ ቁጥር የማግኘት መብት አይሰጥም፤ እጅን ወደማይገባ ቦታ ለማውረድም ፈቃድ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማት ሴት ታንዳው መሃል «አመሰግናለሁ» ብላ መሄድ ትችላለች። ለአዘጋጁም ትንገር። ዝም የተባለለት ሰው ሌላዋም ላይ ይደግመዋል።

የቀረውን ለጥያቄ ልተው።

«የምለማመደው ሰው የለኝም፤ ብቻዬን እንዴት ላሻሽል?» ላላችሁት፦ ሚዛን፣ እርምጃና የወገብ መዞር ለብቻ ነው የሚገነቡት። ኦቾን የወንበር መደገፊያ በጣታችሁ ጫፍ ነክታችሁ ሥሩ። ወንበሩ ከተንቀሳቀሰ እየጎተታችሁ ነው። የሌላውንም ሚና ተማሩ፤ ወንዶች መከተልን፣ ሴቶች መምራትን። የድሮዎቹ ቦነስ አይረሶች ያደረጉት ይህንኑ ነው። አንድ ወር መከተልን የተማረ መሪ እጁ ሲለሰልስ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ከማላውቀው ሰው ጋር ደረት ለደረት መቀራረብ ይከብደኛል» ላልሽው እህቴ፦ አትገደጂም። ክፍት እቅፍ የሚባል አለ፤ በመሃላችሁ ክፍተት ኖሮ፣ ደረታችሁ ግን እየተያየ የሚደነስ። ርቀቱን የምትወስኚው አንቺ ነሽ። መሪ የሆነ ሰው ቦታ ያመቻቻል፤ ወደ ራሱ አይስብም። አንድ ታንዳ ውስጥ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ራስሽ ልትቀርቢ ትችያለሽ፤ ላትቀርቢም ትችያለሽ። ሁለቱም ደህና ነው።

«ጫማ ልግዛ ወይ?» አሁኑኑ አያስፈልግም። ሶሉ ወለሉ ላይ የማይለጥፍ፣ ተረከዙ የተረጋጋ ጫማ ካላችሁ ይበቃል። የጎማ ሶል ግን ተዉ። ወለሉን ይዞ አልዞርም ስለሚል ጉልበታችሁን ይጠመዝዘዋል። ስትገዙ የቆዳ ሶል ያለው ይሁን። ሴቶች ከዝቅተኛ ተረከዝ ጀምሩ፤ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትሩ የትም አይሄድም።

የመጨረሻው ጥያቄ «መጀመሪያ ቀን ሚሎንጋ ስሄድ ምን ላድርግ?» የሚል ነው። ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ወለሉ ገና ሳይሞላ። ዓይን የሚደርስበት ቦታ ተቀመጡ፤ ከዓምድ ጀርባ ወይም ጨለማ ጥግ ከሆናችሁ ማንም አያያችሁም። የመጀመሪያዎቹን ታንዳዎች ዝም ብላችሁ እዩ። ማን መስመር ይጠብቃል? የማን አጋር ፊቷ ዘና ብሏል? መጋበዝ ያለባችሁ እነሱን ነው። ጀማሪ መሆናችሁን አትደብቁ፤ አንድ ጊዜ ተናገሩና በየዘፈኑ ይቅርታ አትጠይቁ። ለመጀመሪያችሁ ዲ ሳርሊን ጠብቁ፤ ተራመዱበት፤ ሌላ ምንም አትጨምሩ። ላ ኩምፓርሲታ ሲመጣ ምሽቱ እያለቀ ነው፤ በልማድ የመጨረሻው ዘፈን እሱ ነው። ያመሻችሁበትን ደግ ሰው ዓይን የምትፈልጉት ከዚያ በፊት ባለው ኮርቲና ላይ ነው። ስለዚህ ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱና ቀና በሉ።